ሜካፕ እንቀባ ወይስ አንቀባ? ለክርስቲያን እኅቶች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት እኅቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከሚያነሧቸው ጥያቄዎች አንዱ «ሜካፕ መቀባት ኃጢአት ነውን?» የሚለው ነው። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባሉ ቢሮዎችና ሱቆች የሚሠሩት ብዙዎቹ ጠዋት ኪዳን አድርሰው በዚያው ወደ ሥራ ስለሚገቡ፣ ጥያቄው በየማለዳው ከመስታወት ፊት ይጠብቃቸዋል።

መልስ የሚሰጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅሱት 1ኛ ጴጥሮስ 3፥3ን ነው። ሐዋርያው በዚያ ስፍራ ስለ ወርቅና ስለ ልብስ ብቻ ሳይሆን ጠጕርን ስለ መሸረብም ይናገራል፤ ሆኖም እናቶቻችን ሹሩባ ተሠርተው፣ ዓይናቸውን ተኩለው፣ ለበዓል እንሶስላ ሞቀው ሲያስቀድሱ ኖረዋል። ቀጣዩ ቁጥር ሐሳቡን ይገልጠዋል፦ የሴት ልጅ ጌጥ በእግዚአብሔር ፊት ዋጋው የከበረ የዋህና ዝግተኛ መንፈስ ነው። እንግዲህ ሐዋርያው የሚጠይቀን ክብራችንን በምን ላይ እንዳኖርን ነው። ንግሥቲቱ ኤልዛቤል ዓይኖቿን ተኩላ በመስኮት ተመለከተች (2ኛ ነገሥት 9፥30)፤ የተፈረደባት ግን በኩሉ ሳይሆን በግፍ ባስገደለቻቸው በናቡቴና በነቢያት ደም ነው። ሕዝቧን ከጠላት ያዳነችው ዮዲትም ሽቱ ተቀብታና ተሸልማ ወጣች (ዮዲት 10)፤ ከመውጣቷ በፊት ግን ማቅ ለብሳ፣ በግንባሯ ተደፍታ ስለ ሕዝቧ አልቅሳ ነበር። ሁለቱም አጊጠዋል፤ ልባቸው የነበረበት ስፍራ ግን እጅግ የተራራቀ ነው።

ስለዚህ አንዲት እኅት ጨርሶ ላለመቀባት ብትወስን መልካም አደረገች፤ ማንም «ኋላ ቀር» ሊላት አይገባም። ለመቀባት የወሰነች ደግሞ ልኩን ትጠብቅ። ልኩ፣ እንደ እኔ እምነት፣ ፊቷ የራሷ ፊት ሆኖ መቅረቱ ነው። ፋውንዴሽን (ፊትን አንድ ዓይነት ለማስመሰል የሚቀባ የቆዳ ቀለም ያለው ቅባት) ስትገዛ በሱቁ መብራት ሥር በእጇ ጀርባ ላይ ከመሞከር ይልቅ፣ ደጅ ወጥታ በቀን ብርሃን ከአገጯ በታች፣ ፊትና አንገት በሚገናኙበት ቦታ ጥቂት ቀብታ ትየው፤ ቀለሙ ከቆዳዋ ጋር ተዋሕዶ ከጠፋ የእርሷ ነው። ፊት ነጥቶ አንገት ጠይም ሲቀር ግን ነገሩ ከአለባበስ ጉድለት ያልፋል፤ እግዚአብሔር የሰጠንን ጠይምነት እንደ ነውር መሸሸግ ይሆናልና። ይህን አጥብቄ የምናገረው ቆዳ የሚያነጡ ክሬሞች እኅቶቻችንን ሲጎዱ ስለማይ ነው፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ኩላሊትን የሚጎዳ ሜርኩሪ አለባቸው። ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነውና (1ኛ ቆሮንቶስ 6፥19)፣ በዚህ ላይ ለድርድር የሚቀርብ ነገር አይታየኝም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንመጣ ደግሞ ሥርዓቱን እናስብ። ካህኑ መስቀሉን ሲያሳልም የአንዷ ከንፈር ቀለም በመስቀሉ ላይ ቀርቶ የሚቀጥለው ምእመን በዚያው ላይ ይሳለማል፤ የነጠላችን ጥለትም በአገጭ በኩል በፋውንዴሽን ቡኒ ሆኖ ይታያል። ሊፕስቲክን ከግቢው በር ሳይደርሱ በሶፍት መጥረግ ቀላል ነው። ለሥጋ ወደሙ በምንቀርብበት ዕለት ግን ከዋዜማው ፊታችንን በሚገባ ታጥበን፣ ምንም ሳንቀባ እንምጣ።

ይህን ሁሉ የምለው እያንዳንዳችን በራሳችን ላይ እንድንሠራበት ነው። ከንፈሯን አድምቃ የመጣችን ወጣት በደጀ ሰላሙ ላይ በሰው ፊት የምንገሥጽ እኅቶች አለን፤ ልጅቱ ምናልባት ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መምጣቷ ሊሆን ይችላል። «ሰው ፊትን ያያል፥ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል» የሚለው ቃል (1ኛ ሳሙኤል 16፥7) ለገሣጩም የተነገረ ነው። «እንኳን ደኅና መጣሽ፣ እኅቴ» ብለን አጠገባችን እናስቁማት፤ ስለ መቀባቷ የሚነገራት ካለ ከንስሐ አባቷ ጋር በጊዜው ይነጋገሩበታል።