«ፊንላንድን እንቅዳ» አይበቃም፦ ስለ ሙያ ምክርና ስለ አገሮች ትብብር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የዕድሜ ልክ የሙያ ምክር ፖሊሲ» ሲባል ብዙ ሰው ፊቱን ያዞራል። የስብሰባ አዳራሽ ይሸታል። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ሰው ምን ልማር፣ ምን ልሥራ፣ መቼ ልቀይር ብሎ ሲጨነቅ የሚያማክረው ባለሙያ ያገኛል ወይስ አያገኝም? አገሮች ይህንን አብረው ለማሻሻል ሲያቅዱ ደግሞ እየተመላለሱ የሚያሳስቱ ሐሳቦች አሉ። (ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የሙያ ምክር የተማሪ ነገር ነው»

አጀማመሩ እንዲያ ያስመስላል። ፍራንክ ፓርሰንስ በ1908 ቦስተን ውስጥ የሙያ ምክር ቢሮ ሲከፍት ያሰበው ለወጣቶች ነበር። ነገሩ ግን እዚያ አልቆመም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1975 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 142 አገሮች አገልግሎቱን ለሕፃናት፣ ለወጣቶች እና ለአዋቂዎች ቀስ በቀስ እንዲያሰፉ ይጠይቃል።

አዋቂ ሰው ምን ምክር ያስፈልገዋል የሚል አይጠፋም። እስቲ አንዲት የ46 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ እናስብ። ሃያ ዓመት የያዘችውን ሥራ ሶፍትዌር ወሰደባት። አማካሪው ፊት ተቀምጣ «ከመዝገብ ሌላ የማውቀው ነገር የለም» ትላለች። ጎበዝ አማካሪ መጠይቅ አያድላትም። «ባለፈው ወር ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገቢ መጀመሪያ ምን ሠራሽ?» ብሎ ይጀምራል። የተቆጣ አቅራቢ በስልክ አረጋግታለች። አዲስ የገባ ልጅ አሠልጥናለች። የጠፋ ደረሰኝ ሦስት ቀን አሳድዳ አግኝታለች። እያንዳንዱ ሲጻፍ ወረቀቱ ሞልቶ ጀርባው ላይ ይቀጥላል። ይህንን ዝርዝር ራሷ ማውጣት ከለመደች በሚቀጥለው ለውጥ ብዙም አትደናገጥም። ባለሙያዎቹ ይህንን «የራስን ሙያ የመምራት ክህሎት» ይሉታል። ስሙ ይከብዳል፤ ሥራው ግን ያው ወረቀት ነው።

«ትብብር ማለት የተሳካለትን አገር መቅዳት ነው»

የፊንላንድ ስም ሁሌ ይነሳል፤ ይገባታልም። በትምህርት ቤቶቿ የተማሪ ምክር በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ቦታ ተሰጥቶታል። ኦህያሞ በሚባሉት ማዕከላት ደግሞ ከ30 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶች የሥራ፣ የትምህርት እና የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎችን አንድ ጣሪያ ሥር ያገኛሉ። እንግዲህ ጎብኚ መጥቶ የሚያየው ጣሪያውን ነው። ከጀርባው ያሉት ለዚሁ ሥራ የተማሩ አማካሪዎች ፎቶ ላይ አይታዩም። ሕንፃ በአንድ በጀት ዓመት ይቆማል፤ አማካሪ ግን እንዲያ አይደርስም።

ደቡብ ኮሪያ ሌላ መንገድ ሄደች። የፈተና ጫናው ለልጆቹ ፋታ ስላልሰጠ፣ የጽሑፍ ፈተና የሌለበት «ነፃ ሴሚስተር» ሙያን ለማየት ጭምር አዘጋጀች። በ2016 በመላ አገሪቱ ተግባራዊ ሆነ። ከኮሪያ የምንወስደው ሴሚስተሩን አይመስለኝም። መጀመሪያ የራሷን ሕመም መለየቷን ነው።

«የሙያ ምክር» የሚለው ቃልስ ቢሆን? ፈረንሳዮች «ኦሪያንታሲዮን» ሲሉ ተማሪን በየትምህርት ዘርፉ መመደብንም ይጨምራል። የጀርመኖቹ «በራቱንግ» ማማከር ነው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሁለቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ የሚያስቡት ግን ለየቅል ነው። የአውሮፓ የዕድሜ ልክ የሙያ ምክር ፖሊሲ መረብ የቃላት መፍቻ ለማዘጋጀት ጊዜ ማጥፋቱ የሚያስቀው ይኖራል። እኔ ግን ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

«ኢንተርኔት እያለ አማካሪ ለምን?»

መረጃ ሞልቷል። ሆኖም የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) በ2018 ፒሳ በተባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ጥናት ካያቸው 41 አገሮች የ15 ዓመት ወጣቶች መካከል 47 በመቶ ወንዶችና 53 በመቶ ሴቶች በ30 ዓመታቸው እንሠራቸዋለን ያሏቸው ሥራዎች አሥር ብቻ ናቸው። ስልኩ ስለ ሺህ ሙያ ይነግራል፤ ልጁ ግን የሚፈልገው ስሙን የሚያውቀውን ሙያ ነው።

«የትምህርት ሚኒስቴር ይሠራዋል»

ኢስቶኒያ በ2019 የወጣቶችን የሙያ ምክር ከትምህርት ዘርፍ አውጥታ ለሥራ አጥነት መድን ፈንድ ሰጠች። ትክክል ነው አይደለም የሚለው ያከራክራል። ቢያንስ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ግን ይታወቃል። በየአገሩ ትምህርት ወደ ሥራ፣ ሥራ ወደ ትምህርት ኳሷን እየተቀባበሉ ዓመት የሚያልፍበት ብዙ ነው።

«ስብሰባው ከተካሄደ ትብብሩ ተጀመረ»

ይህኛው ነው ዋናው ጣጣ። በ1999 በካናዳ ኦታዋ ከተካሄደው ጀምሮ ዓለም አቀፍ የሙያ ልማትና ፖሊሲ ሲምፖዚየሞች ሲካሄዱ ቆይተዋል። በ2017 ሴኡል፣ በ2019 በኖርዌይዋ ትሮምሶ ነበር። አገሮች ፖሊሲ አውጪ፣ ተመራማሪ እና ባለሙያ በአንድ ቡድን ይዘው፣ የአገራቸውን ሁኔታ ጽፈው ይመጣሉ። አሠራሩ ጥሩ ነው። ግን ጽሑፉ «ባለፈው ጊዜ ቃል የገባነው ይህ ነበር፤ ይህን ያህል ሠራን» ብሎ ቢጀምር እመርጣለሁ።

ቅድም ያነሳሁት የአውሮፓው መረብ ጥሩ ማሳያ ነው። ከ2007 እስከ 2015 ሠርቷል። 30 ያህል አገሮችን ያቀፈ ሲሆን የሚያስተባብረው የፊንላንዱ የዩቫስኩላ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በመሃል በ2008 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት አራት ትኩረቶችን አስቀመጠ፦ የራስን ሙያ መምራት፣ ተደራሽነት፣ ጥራት እና ቅንጅት። መረቡ በእነዚህ ላይ ተግባራዊ መሣሪያዎች አዘጋጀ፤ በ2015 የፖሊሲ መመሪያ አወጣ። ገንዘቡ በዋናነት ከኅብረቱ ፕሮግራም ነበር። ከዚያ ተዘጋ። ሰነዶቹ ዛሬም ይነበባሉ፤ ሴዴፎፕ የተባለው የኅብረቱ የሙያ ሥልጠና ማዕከልም ኬርየርስኔት የሚባል የባለሙያዎች መረብ አለው። ያ በየጊዜው እየተገናኘ «እናንተ ጋ ምን ደረሰ?» የሚባባል የመንግሥታት ጠረጴዛ ግን በቀድሞው መልኩ የለም።

ስለዚህ የወደፊት ትብብር ዕቅድ ሲቀርብልኝ ራዕዩን ዘልዬ ወደ በጀቱ እሄዳለሁ። የፕሮጀክቱ ገንዘብ ባለቀ በማግስቱ የአስተባባሪውን ደመወዝ የሚከፍለው ማን እንደሆነ የሚናገረውን መስመር እፈልጋለሁ። ካላገኘሁት ሰነዱን ለላከልኝ ሰው የምጽፈው የመጀመሪያ ጥያቄ እሱ ነው።