በክሬም ውስጥ ያለ ሜርኩሪ ምንድን ነው?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ሥር ከሚገኝ የኮስሞቲክስ ሱቅ ገብቶ ማድያት የሚያጠፋ ክሬም ለሚጠይቅ ሰው፣ አምራቹም ሆነ የተሠራበት ነገር ያልተጻፈበት ብልቃጥ ሊቀርብለት ይችላል። ፊት እንዲያቀሉ ተብለው በሚሸጡ እንዲህ ያሉ ክሬሞች ውስጥ፣ በተለያዩ አገሮች በተደረጉ የላቦራቶሪ ምርመራዎች በተደጋጋሚ ከተገኙት መርዞች አንዱ ሜርኩሪ ነው።

ሜርኩሪን የምናውቀው በድሮው የትኩሳት መለኪያ ውስጥ እንዳለ ፈሳሽ ብረት ነው፤ ወደ ክሬም የሚገባው ግን በአብዛኛው በጨው መልክ ሲሆን፣ ካሎሜል የሚባለው አንዱ ነው። ለቆዳ ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን እንዳይመረት ስለሚያግድ ፊት በእርግጥ ይቀላል፤ ገዢን የሚያታልለውም ይኸው የሻጩ ቃል በዓይን መታየቱ ነው። ክሬሙ ሲቆም ቀለሙ ስለሚመለስ ተጠቃሚዋ ደግማ ትገዛለች፤ በቆዳዋ በኩል የገባው ሜርኩሪ ደግሞ በኩላሊቷ ይጠራቀማል።

ኩላሊት ሲጎዳ ፕሮቲን ከሽንት ጋር መውጣት ይጀምራል፤ ሽንቱ አረፋ ይበዛዋል፣ ፊትና እግር ያብጣሉ፤ ጠዋት ያበጠ ዓይን ግን በእንቅልፍ እጦት ስለሚሳበብ ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል። በነርቭ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በእጅ መንቀጥቀጥ፣ በመደንዘዝ፣ በመነጫነጭና በድብርት ይገለጻል። ሐኪም ስለ ክሬም ላይጠይቅ ስለሚችል፣ ታካሚዋ ራሷ ብልቃጡን ይዛ መሄዷ ምርመራውን ያሳጥረዋል። ሜርኩሪ ስለሚተንና ፎጣና ትራስ ላይ ስለሚቀር፣ ክሬሙን ያልነካ ሕፃንም ከእናቱ ጋር በመተኛቱ ብቻ ሊመረዝ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀውና በሜርኩሪ የተበከለ ዓሣ ነዋሪዎቿን በጎዳባት የጃፓን ከተማ ስም የተጠራው የሚናማታ ስምምነት፣ ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበትን ኮስሞቲክስ ከ2020 በኋላ ማምረትም ሆነ ከአገር አገር ማዘዋወር ከልክሏል። በ2023 ደግሞ ይህች ገደብ ተነሥታ፣ ሜርኩሪ የተጨመረበት ኮስሞቲክስ በሙሉ ከ2025 በኋላ እንዲታገድ ተወስኗል።

መለያ ጽሑፍ ያለው ብልቃጥ አንዳንዴ ራሱን ያጋልጣል፤ «ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም ጋር አይነካካ» የሚል ማሳሰቢያ ካለበት፣ ሜርኩሪ ከእነዚህ ብረቶች ጋር ስለሚዋሐድ የተጻፈ ሊሆን ይችላል።