«አፈር ሞልቶ ፓስቴል ይገዛል እንዴ?»

ሞዴል መሥራት እንጀራዬ ነው። ፒያሳ አካባቢ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የቤት ማኬት፣ ሰማያዊና ነጭ ላዳ፣ የድሮ ባቡር ፉርጎ እሠራለሁ። የሚያብለጨልጭ አዲስ ነገር ደንበኛ አይወድም። «እንደ ድሮው ይምሰልልኝ» ይላል። ስለዚህ የሠዓሊ ፓስቴል፣ ማለትም ደረቅ የቀለም ዘንግ፣ እየፈጨሁ አቧራ፣ ዝገትና ጥቀርሻ አስመስላለሁ። ስፈጭ ያየኝ ሰው ሁሉ ታዲያ አንዲት ነገር ሳይወረውር አያልፍም፦ «አዲስ አበባ ተቀምጠህ አቧራ በገንዘብ ትገዛለህ? ወጣ ብለህ አትዘግንም?» ከዚያ ይስቃል። እኔ መሳቅ ካቆምኩ ቆየሁ። ስለዚህ የሚሉኝን አንድ በአንድ ልመልስ፤ ከዚሁ ልጀምር።

«እውነተኛ አፈር ከተነሰነሰበት እውነተኛ ይመስላል»

አይመስልም። ቤቱን ስታሳንሱት አፈሩ አብሮ አላነሰም። በ1/50 ማኬት ላይ፣ ማለትም ከእውነተኛው ቤት 50 ጊዜ ባነሰው ላይ፣ 1 ሚሊ ሜትር የምታህል ቅንጣት የ5 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ናት። ጣሪያው አቧራ የጠጣ ሳይሆን ሰፈርተኛው ተሰብስቦ በድንጋይ የወገረው ነው የሚመስለው። «በወንፊት ነፍቼዋለሁ እኮ» ይሉኛል። ወንፊቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚያሳልፍ ከሆነ አሁንም የ2.5 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ነው የበተናችሁት። በ1/87 የባቡር ሞዴል ላይማ ያቺው ቅንጣት ከ4 ሳንቲ ሜትር ታልፋለች።

ቀለሙም ሌላ ጣጣ ነው። አፈር ዝም ብሎ አይዝም፤ ኮላ ይፈልጋል። ኮላ የጠጣ አፈር ደግሞ ደርቆም እንደ ረጠበ ጠቁሮ ይቀራል። አንድ የአርክቴክቸር ተማሪ የፒያሳን የድሮ ቤት ማኬት ይዞልኝ መጥቶ ነበር፤ የእንጨት በረንዳ ካላቸው፣ የአርመንና የህንድ ግንበኞች እጅ ካረፈባቸው ቤቶች አንዱን። ልጁ እጁ የተባረከ ነው። የበረንዳውን ፍርግርግ አንድ በአንድ በከተር ቆርጦ ገጣጥሞታል። ከዚያ ከሰፈሩ ቀይ አፈር ዝቆ በኮላ ለጠፈበት! ቤቱ ጎርፍ የተፋው መሰለ። በብሩሽ ላራግፍለት ስሞክር አሸዋው የግድግዳውን ቀለም ጫረው። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ከቀለሙም ከፕላስቲኩም ይጠነክራል፤ ምን ይደረግ። ግድግዳውን እንደገና ቀባን፣ ጣሪያውን ጣልነው።

ደግሞ ርቀትን አትርሱ። ትንሽ ሞዴል ማየት ትልቁን ዕቃ ከሩቅ እንደ ማየት ነው፤ ከሩቅ የሚታይ ነገር ቀለሙ ይገረጣል። ከአራት ኪሎ ሆናችሁ እንጦጦን ስታዩ ዛፉ አጠገባችሁ እንዳለው ዛፍ አረንጓዴ አይደለም። ስለዚህ የሞዴል አቧራ ከትክክለኛው አፈር ፈዘዝ፣ ነጣ ማለት አለበት። በፓስቴል ከሆነ ቡናማው ላይ ትንሽ ነጭ ወይም ግራጫ ጨምሮ ማለዘብ ነው። አፈር ግን እንዳለ ነው።

«ፓስቴል ግን አርቴፊሻል ነው» የሚለኝም አለ። ደረቅ ፓስቴል በጣም ደቅቆ የተፈጨ ቀለም ነው፤ እንደ ጠመኔ ያለ መሙያና ጥቂት ማጣበቂያ ይጨመርበታል። የዝገት መልክ ባለው ፓስቴል ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ቀለም የብረት ኦክሳይድ ነው። ዝገትስ ራሱ ያው የብረት ኦክሳይድ አይደል?

አፈር ለማኬቱ መሬት ይሁን፣ አልቃወምም። ግቢው ላይ፣ የመንገዱ ዳር ላይ ነፍታችሁ በትኑት። ግድግዳና ጣሪያ ላይ ግን ተዉት።

«ፓስቴሉ እንዳይራገፍ ቫርኒሽ ከተረጨበት አለቀ»

አዎ፣ ፓስቴሉ አለቀ። ቆንጆ አድርጋችሁ ያለበሳችሁት ፈዛዛ አቧራ ቫርኒሽ ሲነካው እልም ይላል። ፈዛዛ ፓስቴል ውስጥ ያለው ጠመኔ የሚታየው በቅንጣቶቹ መካከል አየር ስላለ ነው። ቫርኒሹ ያንን ክፍተት ሲሞላው ጠመኔው ብርሃን ያሳልፍና ይጠፋል። ጨለም ያሉት፣ ዝገቱና ጥቁሩ፣ ይሻላሉ፤ እነሱም ግን ይደበዝዛሉ። መላው ከምትፈልጉት በላይ አብዝቶ መቀባት፣ ከዚያ የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ከራቅ ብሎ በስሱ መርጨት፣ ደርቆ ሲታይ የጎደለውን መድገም ነው። ለመስታወት ሳጥን የሚሆን፣ ማንም የማይነካው ሞዴል ከሆነ እኔ ቫርኒሽ አልረጭም። በቫርኒሽ ፈንታ የፀጉር ስፕሬይ ለምትሉኝ ደግሞ፦ የፀጉር ስፕሬይ ለፀጉር ነው።

«ፓስቴል ያው ፓስቴል ነው»

የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የሚሸጠው የልጆች ፓስቴል ብዙውን ጊዜ የዘይት ነው። ሰምና ዘይት አለበት፣ አይፈጭም፣ አቧራም አይሆንም። ጣታችሁ ላይ እንደ ቅባት ከለጠፈ መልሱት።

«የሰሌዳ ጠመኔም ይሠራል»

ለነጭ አቧራ ያህል፣ እሺ። ባለቀለሙ ግን ቀለሙ ደካማ ነው።

«በሚያብለጨልጭ ቀለም ላይም ይይዛል»

አይዝም፣ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ማት (የማያብለጨልጭ) ቀለም ወይም ማት ቫርኒሽ ቀብታችሁ አድርቁ።

«ማርጀት ማለት መጥቆር ነው»

የለገሃር ፉርጎ የሚያሠሩኝ ሰዎች በሙሉ ጥላሸት እንድቀባው ይፈልጋሉ። ጥቀርሻ ያለው የሎኮሞቲቩ ጭስ መውጫ አካባቢ ነው። የፉርጎው ታች ግን ቡናማ ነው፤ የፍሬኑ ብረት መንኮራኩሩን እየፋቀ የሚያወጣው ብናኝ ዝጎ ነው የሚለብሰው። ላዳም ብትሆን አቧራዋ ከታች ይበዛል፣ ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል፤ ጭቃው ከጎማው ኋላ ነው።

ስለ ቆርቆሮ ጣሪያ ግን ትንሽ ላብራራ፤ ሁሉም የሚያበላሸው እሱን ነውና። ዝገት ጣሪያውን በአንድ ጊዜ አይወርሰውም። ቆርቆሮው የዚንክ ልባስ አለው። መጀመሪያ ልባሱ ብልጭታውን አጥቶ ግራጫ ይሆናል። ዝገቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ሚስማር ከገባበት ቀዳዳ፣ አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ ከተደረበበት ጠርዝ፣ ውሃ ከሚቋጥርበት ቦታ። ከዚያ ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ ዝገቱን በቦዩ ቁልቁል ይስበዋል። እንግዲህ እናንተም በዚሁ ቅደም ተከተል ሂዱ። ጣሪያውን ማት ግራጫ ቀቡት። ፓስቴሉን በከተር ፍቃችሁ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ላይ አሽታችሁ አድቅቁት። በቀጭን ብሩሽ ሚስማሩና መደረቢያው ላይ ጥቁር ቡናማ ነጠብ ነጠብ አድርጉ፤ ዳሩ ላይ ብርቱካናማ ያዘለ ዝገት ጨምሩ። ብሩሹን ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ሳቡ፤ ወደ ጎን የሚፈስ ዝናብ የለም። ጠንከር ያለ ዝገት ካማራችሁ ብናኙን በአልኮል ወይም በአኳራጅ በጥብጡና ጠብ አድርጉ። አኳራጁ የሥር ቀለሙን እንዳይፈታው ግን የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩት።

«ሠዓሊ የሚጠቀምበት ነገር ምን ይጎዳል?»

ብናኝ ብናኝ ነው፣ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም። አንዳንዱ ደማቅ ቢጫና ቀይ ደግሞ ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ማስክ አድርጉ። ትርፉን እፍ አትበሉት፤ ገልብጣችሁ መታ መታ አድርጉት። ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ ቡናችሁንም ራቅ አድርጉ።

«ውድ ነው»

ደረቁ ፓስቴል እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፣ ሲገኝም ርካሽ አይደለም፤ ይህን አልክድም። ግን አንድ ዘንግ ብዙ ሞዴል ያስረጃል፤ የምትፈጩት ቁንጥር ነው። በነጠላ የሚሸጥ ካገኛችሁ ጥቁር፣ ጥቁር ቡናማ፣ የዝገት ቀለም፣ አፈርማ ቢጫና ፈዛዛ ግራጫ ይበቃችኋል። ለሮዙና ለሐምራዊው ባለ 48ቱን ሳጥን የሚገዛ ሠዓሊ አለ።