የተላከ ኢሜይልን «መልሶ መጥራት» ምንድን ነው?

አንዲት የማውቃት ልጅ ስለ አለቃዋ ለጓደኛዋ ረዘም ያለ ኢሜይል ጻፈች። ምሬት ነው፤ ከላይ እስከ ታች። ጓደኛዋም አለቃዋም ዳዊት ይባላሉ (ስሙን ቀይሬዋለሁ)። እኛ ሰውን የምንጠራው በራሱ ስም ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አራት ዳዊት ቢኖር አይገርምም። «ዳ» ብላ ስትጀምር ኮምፒውተሩ ቀሪውን ሞላላት። ሳታየው ሴንድ አለችው። አለቃው ዳዊት ጋ ገባ።

ደንግጣ አውትሉክ (የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም) ላይ «ሪኮል»፣ ማለትም «መልሰህ ጥራ» የሚለውን ተጫነች። ይሄኔ ትንሽ ተነፈሰች። አለቃው ግን ኢሜይል የሚያዩት በስልካቸው ነበር። የመጀመሪያው ደብዳቤ እንዳለ ቁጭ ብሏል። ከላዩ ላይ ደግሞ «ላኪዋ ይህን መልእክት መልሳ መውሰድ ትፈልጋለች» የሚል ሌላ ደረሳቸው። የመጀመሪያውን ምናልባት ሳያነቡት ያልፉት ነበር። ሁለተኛውን አይቶ የመጀመሪያውን የማይከፍት ሰው ግን ይኖራል?

«ካፍ ከወጣ አፋፍ» ይባላል። ታዲያ ይሄ «መልሶ መጥራት» የሚባለው ነገር ምንድን ነው?

በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው በእርግጥ የሄደን ኢሜይል ከተቀባዩ ሳጥን ለማውጣት መሞከር ነው። ሁለተኛው ገና ያልሄደን ኢሜይል ማቆም ነው። ግራ የሚያጋባን ሁለተኛውም ስክሪኑ ላይ «ተልኳል» ብሎ ስለሚመጣ ነው።

ደሴ ላሉት አክስታችሁ በአውቶቡስ ዕቃ ልካችሁ ታውቃላችሁ? አውቶቡሱ ከመናኸሪያ ካልወጣ ሮጣችሁ ከረዳቱ እጅ ትቀበላላችሁ። ደሴ ደርሶ አክስት ጓዳ ከገባ በኋላ ግን ነገሩ የእሳቸው ነው። እሳቸው ካልመለሱላችሁ ማንም አይመልስላችሁም።

ኢሜይልም እንዲሁ ነው። ኢሜይል ከሰርቨር (ደብዳቤ ከሚቀበልና ከሚያደርስ ኮምፒውተር) ወደ ሰርቨር የሚሄድበትን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1982 የጻፈው ጆን ፖስቴል የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። (ስሙ ለሥራው ታስቦ የወጣ ይመስላል።) በዚያ ደንብ መሠረት የላኪው ሰርቨር ደብዳቤውን ያስረክባል፤ የተቀባዩ ሰርቨር ደግሞ 250 የሚል ቁጥር ይመልሳል። ትርጉሙ «ተረክቤያለሁ» ነው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ኃላፊነቱ የተረካቢው ነው። ደንቡ ብዙ ትእዛዞች አሉት፤ «የሰጠሁህን መልስልኝ» የሚል ግን የለውም። ደንቡ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ ይሄ ግን አልተጨመረም።

ታዲያ ጂሜይል እንዴት ይመልሳል? አይመልስም። መጀመሪያውኑ አልላከውም። ሴንድ ስትጫኑ «ተልኳል» ይላችሁና ከጎኑ መሰረዣውን ያሳያችኋል። ነጭ ውሸት ነው። ደብዳቤው ገና እጁ ላይ ነው፤ አውቶቡሱ መናኸሪያ ቆሟል። ይሄ ነገር የመጣው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 ነው፤ ያኔ ለሙከራ የወጣ ሲሆን የሚሰጠውም 5 ሰከንድ ነበር። ለሁሉም ሰው መደበኛ ሆኖ የገባው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2015 ነው። ዛሬም ካልነካካችሁት 5 ሰከንድ ነው። ወደ 10፣ 20 ወይም 30 ማሳደግ ይቻላል።

እኔ ለምን ሁሉም ሰው 30 ላይ እንደማያደርገው አይገባኝም። ግማሽ ደቂቃ ዘግይቶ በመድረሱ የተበላሸ ሥራ አላየሁም። ኮምፒውተር ላይ ባለ ጥርስ ጎማ ከምትመስለው ምልክት ገብታችሁ ሙሉ ማስተካከያውን ክፈቱ፤ መጀመሪያው ገጽ ላይ «አንዱ ሴንድ» (Undo Send፣ መላኩን ሰርዝ) የሚል አለ። 30 ምረጡ። ታች ወርዳችሁ ሴቭ ማድረግ እንዳትረሱ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። አይፎን ላይ ያለው የአፕል ሜይልም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ይሄው አለው። 10 ሰከንድ ይሰጣል፤ እስከ 30 ይደርሳል።

ሠላሳ ሰከንድ ምን ትሠራለች እንዳትሉ። አድራሻ መሳሳታችን ወይም «ከዚህ ጋር አያይዘን ልከናል» ብለን ምንም አለማያያዛችን ትዝ የሚለን ልክ ጣታችን ሴንድን ሲለቅ ነው። ለንዴት ግን 30 ሰከንድ አይበቃም። ለሱ አውትሉክ ይሻላል፤ የኮምፒውተሩ ነባር አውትሉክ የሚወጣውን ኢሜይል ሁሉ እስከ 120 ደቂቃ አቆይቶ እንዲልክ ደንብ ማውጣት ይቻላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ሻይ ጠጥታችሁ፣ ቀዝቅዛችሁ፣ ተመልሳችሁ «ምን ነክቶኝ ነው?» ትላላችሁ። ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ከሄዳችሁ ግን እስክትከፍቱት ድረስ ሳይሄድ ሊቆይ ይችላል።

ቀጠሮ ይዞ መላክም አለ። ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ቀንና ሰዓት መርጣችሁ እንድትልኩ ይፈቅዳል፤ ሰዓቱ እስኪደርስ መሰረዝ ትችላላችሁ። ሌሊት ጽፋችሁ ጠዋት መሥሪያ ቤት እንዲደርስ ስትፈልጉ ይጠቅማል። ብቻ በኛ ሰዓት አቆጣጠር እንዳትሞሉት። ጠዋት 2 ሰዓት እንዲደርስ ብላችሁ 2 ከሞላችሁ ሰውየው እንቅልፍ ላይ እያሉ ስልካቸው ይጮኻል።

አሁን ወደ እውነተኛው መጥራት እንመለስ። የአውትሉክ «ሪኮል» የሚሠራው ላኪውም ተቀባዩም አንድ ድርጅት ውስጥ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሆኑ ነው። ቀድሞ ከዚህም በላይ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ ተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ያለውን አውትሉክ መጠቀም አለበት፣ ደብዳቤውንም ያልከፈተው መሆን አለበት። ያቺን ልጅ ጉድ የሠራት ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ማይክሮሶፍት አሠራሩን ቀየረው። አሁን ሥራው የሚሠራው ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ ተቀባዩ ስልክ ቢጠቀምም ሊወጣ ይችላል፤ የድርጅቱ አይቲ (የኮምፒውተር ክፍል) ካልከለከለ የተነበበም ይነሣል። ሆኖም ያነበበውን ሰው ጭንቅላት አያጸዳም። ከድርጅቱ ውጭ፣ ለምሳሌ ጂሜይል ላለው ሰው ከላካችሁ ደግሞ ጨርሶ አይሠራም።

ያን ጊዜ ምን እንደሚያስከትል የአሜሪካው ባንክ የጎልድማን ሳክስ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 ለባንኩ በኮንትራት የሚሠራ ሰው የደንበኞች ምስጢር ያለበትን ሰነድ ላከ። አድራሻው በባንኩ መጠሪያ ማለቅ ሲገባው በጂሜይል አለቀ። ሰነዱ የማይታወቅ ሰው ሳጥን ገባ። ባንኩ ለዚያ ሰው ጻፈ፤ መልስ የለም። ጉግልን ጠየቀ፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አምጡ ተባለ። ጎልድማን ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ሄደ። በመጨረሻ ጉግል ያ ኢሜይል እንዳይከፈት አገደው፤ ባለሳጥኑም እስከዚያ አልከፈተውም ነበር። ዕድላቸው ነው። አንዲት ኢሜይል ለማስቀረት ጠበቃ፣ ፍርድ ቤትና ጉግል አስፈለጉ።

ሁሉም እንዲህ አይተርፍም። ታሊባን ካቡልን በያዘ በወሩ ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር ለ245 አፍጋናውያን በአንድ ጊዜ ኢሜይል ላከ። ከአገር ለመውጣት የሚጠባበቁ ሰዎች ናቸው። አድራሻቸው በቢሲሲ (ተቀባዮች እርስ በርስ በማይተያዩበት ቦታ) መሆን ሲገባው ሁሉም የሁሉንም የሚያይበት ቦታ ላይ ተጻፈ። ከመካከላቸው አንዱ «ሪፕላይ ኦል» (ለሁሉም መልስ) ብሎ ያለበትን ቦታ ገለጸ። ሚኒስቴሩ ማድረግ የቻለው ሌላ ኢሜይል መላክ ነው፤ «የቀደመውን አጥፉት፣ አድራሻችሁንም ቀይሩ» የሚል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በኋላ 350,000 ፓውንድ ተቀጥቷል።

ቴሌግራም ላይ የላክነውን ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ስለለመድን ኢሜይልም እንደዚያ ይመስለናል። ቴሌግራም የአንድ ኩባንያ ቤት ነው፤ ጓዳውም ሳሎኑም የሱ ነው። ኢሜይል ግን የሰፈር መንገድ ነው፤ ሁሉም የየራሱ ግቢና የየራሱ ቁልፍ አለው።

የእናንተ ከሄደ፣ የድርጅታችሁ ውስጥ ከሆነ ሪኮልን ከመነካካት በፊት ለአይቲ ደውሉ፤ ከየሳጥኑ ሊያነሡት ይችላሉ። ውጭ ከሆነ አጭር ይቅርታ ጽፋችሁ እንዲያጠፉት ለምኑ። የሰው ምስጢር ያለበት ከሆነ በስልክም ደውሉ፣ ምስጢሩ ለወጣበት ሰውም ንገሩ።

ያቺ ልጅ አልተባረረችም። አለቃዋ ቢሯቸው ጠርተው አንድ ሰዓት ያህል አነጋገሯት፤ ምን እንደተባባሉ አልነገረችኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ኢሜይል ስትጽፍ አድራሻውን ባዶ ትተወዋለች። መጀመሪያ ጽፋ ትጨርሳለች፣ ታነበዋለች፣ ከዚያ «ዳ» ትላለች።