ለሴት ልጅ አረብኛ ስም ስናወጣ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሴት ልጅ ስትወለድ ስም አውጪው ብዙ ነው። አክስት አንድ ትላለች፣ አያት ሌላ ትላለች፣ ጎረቤት ደግሞ ብቅ ብላ «እሱማ አይሆንም፣ ሐራም ነው» ትልና አራሷን ታስደነግጣለች። ገና ወገቧ ያልጠና እናት በዚህ ጉዳይ እንቅልፍ ማጣት የለባትም። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«የሙስሊም ልጅ ስም የግድ አረብኛ መሆን አለበት»

አይደለም። የሚፈለገው ስሙ ጥሩ ትርጉም እንዲኖረውና ከእምነቱ ጋር እንዳይጋጭ ነው። ሁላችንም የምንወዳቸው መርየምና ሳራ ራሳቸው መነሻቸው አረብኛ አይደለም። ያስሚን ከፋርስ የመጣ ነው። በሌላ በኩል ሊባኖስና ግብፅ ያሉ ክርስቲያኖች ሴት ልጆቻቸውን አሚራ፣ ሰሚራ ይላሉ። አረብኛ መሆንና ኢስላማዊ መሆን አንድ ነገር አይደለም።

የነቢዩን ንግግርና ተግባር (ሐዲስ) ከሰበሰቡት ሊቃውንት አንዱ የሆነው ቡኻሪ የዘገበው አንድ ታሪክ አለ፣ ሳነበው ሁሌም ደስ ይለኛል። ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሶሐቦች (የነቢዩ ባልደረቦች) አንዱ የነበሩት ኻሊድ ኢብን ሰዒድ ሴት ልጅ የወለዱት እዚሁ ሐበሻ ምድር ነው። ልጅቷ አማ ትባላለች፣ በኋላ ኡሙ ኻሊድ ተብላ የታወቀችው። ቤተሰቡ መዲና ከገባ በኋላ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጌጥ ያለበት ትንሽ ጥቁር ልብስ መጣላቸው። ልጅቷን አስጠርተው በገዛ እጃቸው አለበሷትና ጌጡን እያሳዩ «ሰናህ፣ ሰናህ» አሏት። ቃሉ የሐበሻ ነው፣ «ያምራል» ማለት ነው፤ እኛ ሠናይ የምንለው። ሕፃኗን የተወለደችበት አገር ቋንቋ ነው ያናገሯት! ታዲያ ወሎ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን ሠናይት ወይም ብርቄ ብትላት በምን ሒሳብ ነው የምትወቀሰው?

አረብኛውን ስለምትወዱት ከመረጣችሁት ደግሞ እሰየው፣ ምርጫው የናንተ ነው። ግን ወድዳችሁ ይሁን እንጂ ፈርታችሁ አይሁን።

«ቁርአን ውስጥ ያለ ቃል ሁሉ ስም ይሆናል»

ይሄኛው ያሳስበኛል። ቁርአን ሲቀራ ለጆሮው ያማረውን ቃል አንስቶ ለልጁ የሚሰጥ ሰው አለ። አንዳንዴ ያምርለታል። ከውሰር የጀነት ወንዝ ነው፣ ተስኒምና ሰልሰቢል የጀነት ምንጮች ናቸው፣ አፍናን ደግሞ ቅርንጫፎች ማለት ነው። ግን ሱረቱል መዓሪጅ በሚባለው የቁርአን ምዕራፍ 15ኛው አያ (አንቀጽ) ላይ «ለዛ» የሚል ቃል አለ። በኛ ጆሮ ሲሰማ ደስ ይላል፣ ለዛ ያላት ልጅ የምንል ነው የሚመስለው። እዚያ አያ ውስጥ ግን የሚንቦገቦግ የጀሀነም እሳት ነው። «ሰቀር»ም እንደዚሁ የጀሀነም ስም ነው። ስለዚህ ቃሉን ብቻ አትውሰዱ። ከላይና ከታች ያለውን አያ ከነትርጉሙ አንብቡ፣ ከዚያ የሰፈራችሁን ኡስታዝ ጠይቁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

«ትርጉሙ ገናና ካልሆነ ስሙ አይረባም»

ኢንተርኔት ላይ የስም ትርጉም የሚደረድሩ ገጾች እያንዳንዷን ልጅ ንግሥት፣ ልዕልት፣ የብርሃን ጮራ ያደርጓታል። ሰሚራ ማለት ለምሳሌ ማታ ማታ ቁጭ ብለው የሚያወጓት የጨዋታ ጓደኛ ናት፤ ትርጉሙ በራሱ ስንት ያምራል፣ ማጋነኑ አያስፈልግም። ትልልቆቹን ስሞች ተመልከቱ። ፋጢማ ከጡት መጣል ጋር የተያያዘ ስም ነው። ኸዲጃ የሚለው ያለጊዜው ከመወለድ የመጣ ነው። ዓኢሻ በሕይወት ያለች፣ ኗሪ ማለት ነው። ዘይነብ መዓዛው የሚያውድ ዛፍ ነው ይባላል። ስሞቹን ያከበሯቸው የተጠሩባቸው ሴቶች ናቸው።

እንዲያውም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የቀየሩት ከፍ ከፍ ያለውን ስም ነው። በርራ የሚባሉ ሴቶች ነበሩ፣ ደግ፣ ጻድቅ ማለት ነው። ራስን ማወደስ እንዳይሆን አንዷን ዘይነብ አሏት፤ ሌላዋንም ጁወይሪያ ብለው ቀየሩላት። ዓሲያ የምትባለዋን ደግሞ ትርጉሙ አመፀኛ ስለሆነ ጀሚላ ብለው ቀየሩላት።

«መጨረሻው ‹ኣ› ካልሆነ የሴት አይደለም»

ዘይነብ፣ መርየም፣ ሂንድ፣ ሱዓድ፣ ኢብቲሳም የሴት ናቸው። ሐምዛ፣ ጠልሓ፣ ኡሳማ፣ ሑዘይፋ የወንድ ናቸው። አለቀ።

«በሰባተኛው ቀን ካልወጣ፣ ዐቂቃ ካልታረደ ስሙ አይጸናም»

ሰባተኛው ቀን በሐዲስ የመጣ ነው፣ መልካም ነው። ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም የተወለደ ጊዜ «ዛሬ ሌሊት ወንድ ልጅ ተወለደልኝ፣ በአባቴ በኢብራሂም ስም ጠራሁት» ብለዋል፤ ሰባት ቀን አልጠበቁም። ሁለቱም ይቻላል ማለት ነው። ዐቂቃ፣ ማለትም ልጅ ሲወለድ የሚታረደው፣ ለሴት ልጅ አንድ በግ ነው፣ ከተቻለ። በግ መግዛት ላልቻለ አባት «ልጅህ ያለ ስም ቀረች» ማለት ግፍ ነው። የእናትና የልጅ ስም ፊደል ደምሮ «ኮከባቸው አይገጥምም» የሚላችሁንም አትስሙ፣ ዲኑ ውስጥ ቦታ የለውም።

«እንዴትም ቢጻፍ ያው ነው»

ያው አይደለም። አረብኛው በድምፅ የሚለያቸውን ፊደሎች የኛ አፍ አንድ ያደርጋቸዋል። ቅድም ያነሳናት ዓሲያ፣ አመፀኛዋ፣ እና የፊርዓውን ሚስት የነበረችው ደጓ አሲያ በአረብኛ አጻጻፋቸው ፍጹም የተለያዩ ናቸው። በአማርኛ ስናነባቸው ግን ልዩነታቸው አይሰማም። አሲያ ካላችሁ የትኛዋን እንደሆነ በአረብኛ አጽፋችሁ ያዙ።

ሌላው የወረቀት ጣጣ ነው። አንዷ ልጅ የክትባት ካርዷ ላይ ከድጃ፣ የልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ ኸዲጃ፣ ትምህርት ቤት ሀዲጃ ተብላ ትመዘገባለች። ፓስፖርት ስታወጣ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል አራተኛ አጻጻፍ ይጨመራል። ያኔ ነው «አራቱም አንድ ሰው ናቸው» እያሉ ምስክር ይዞ ከቢሮ ቢሮ መንከራተት የሚመጣው። አረብ አገር ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን ይህን ጣጣ ከማንም በላይ ያውቁታል። ልደት በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት በአማርኛም በእንግሊዝኛ ፊደልም አንድ አጻጻፍ ቁረጡ። ሠራተኛው እንደሰማው እንዲጽፍ አትተዉት፣ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፣ ከመፈረማችሁ በፊትም ፊደል በፊደል አንብቡት።