"ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም" ምን ማለት ነው? ስራ ቦታ ላይስ?

ይሄ አባባል ብዙ ጊዜ የሚመጣው አንድ ሰው "ፈልጌ ነበር ግን አልተመቸኝም" "ጊዜ አጣሁ" ምናምን ሲል ነው። ሰሚው "ተወው እባክህ፣ ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም" ይለዋል፣ አለቀ። ከአንጀት ካለቀሱ የሚሉም አሉ፣ ያው ነው።

መነሻው ለቅሶ ነው። ሀዘን ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ፊቱን ሊያጠቁር ድምፁን ከፍ አድርጎ ሊጮህ ይችላል፣ እንባ ግን ታዞ አይመጣም፣ የእውነት ላዘነ ሰው ደግሞ ማንም ሳይጠራው ይወርዳል። ከዚህ ተነስቶ ነው አባባሉ ለሌላ ነገር ሁሉ የዋለው፣ ከውስጥ የተፈለገ ነገር መንገድ አያጣም፣ መንገድ ጠፋ ካልን መጀመሪያ ፍላጎታችንን እንይ ነው የሚለን። "ልብ ካላየ ዓይን አያይም" ራሱ የዚሁ ዘመድ ነው።

ስራ ቦታ ላይ ይሄ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁለት ሰዎች አንድ አይነት ዴስክ፣ አንድ አይነት ደሞዝ፣ አንድ አይነት መመሪያ አላቸው እንበል፣ አንድ ወረቀት የጎደለው ባለጉዳይ ሲመጣ አንዷ "አልተሟላም" ብላ ፋይሉን ትመልሳለች፣ ሌላኛዋ ግን የቱ እንደጎደለ፣ ከየት እንደሚገኝ፣ እስኪመጣ ድረስ ምን መጀመር እንደሚቻል ትነግረዋለች። ሁለቱም መመሪያውን አልጣሱም እኮ! ልዩነቱ ስለ ስራቸው በውስጣቸው የያዙት አመለካከት ነው፣ አንዷ ስራዬ ወረቀት መቆጣጠር ነው ትላለች፣ ሌላኛዋ ስራዬ የሰው ጉዳይ መጨረስ ነው ትላለች።

ጆን ሜየርና ናታሊ አለን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1991 እ.ኤ.አ. ሰው መስሪያ ቤቱ ውስጥ የሚቆይበትን ምክንያት ሶስት ቦታ ከፍለውታል፣ ስለሚወደው፣ መልቀቅ ስለሚጎዳው፣ ወይም መቆየት ግዴታዬ ነው ብሎ ስለሚያስብ። ሶስቱም ጠዋት ስራ ይገባሉ፣ ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በተሰሩ ጥናቶች ግን ከተሻለ የስራ ውጤትና ሳይታዘዙ ሌላውን ከመርዳት ጋር ጠንከር ብሎ የተያያዘው የመጀመሪያው ነው፣ መልቀቅ ስላልቻለ ብቻ የቆየው ላይ ይሄ አይታይም።

እንባ ሳይኖር ማልቀስስ? አርሊ ሆክሺልድ የምትባል አሜሪካዊት የሶሲዮሎጂ ምሁር የአውሮፕላን አስተናጋጆችን አጥንታ በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ስራ በጣም የሚገርመኝ ለዚህ ነው፣ ፊት ላይ ብቻ ፈገግታ መለጠፍና ስሜቱን ከውስጥ ለማምጣት መሞከር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አሳየች። የውሸት ፈገግታ ከድካምና ከመሰላቸት ጋር እንደሚያያዝም በኋላ ብዙ ጥናቶች አግኝተዋል። "ደንበኛ ፊት ፈገግ በሉ" የሚል ትዕዛዝ ብቻ የሚያወጣ አለቃ ሰራተኞቹን እያደከመ ነው ያለው።

ግን አባባሉ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፣ አለቆች እንደ ዱላ ይጠቀሙበታል። ሰራተኛው "ኮምፒውተሩ አይሰራም፣ ለመፈረም ስልጣን የለኝም" ሲል "ከልብ ብትፈልግ..." ይሉታል። ይሄ ልክ አይደለም! አይሴክ አይዘን የሚባል የሳይኮሎጂ ሊቅ በ1991 እ.ኤ.አ. ባብራራው ንድፈ ሀሳብ ላይ የሰው ድርጊት በአመለካከቱ ብቻ አይወሰንም፣ በዙሪያው ያሉ ሰዎች ከእሱ የሚጠብቁት ነገርና ጉዳዩ በእጁ ነው ብሎ ማመኑም አብረው ይወስናሉ፣ እና ፍላጎት ኖሮት እጁ የታሰረ ሰው አለ። ደግሞ ልብ ዝም ብሎ አይደርቅም፣ ሲገባ ጉጉት የነበረው ልጅ ሀሳብ ባቀረበ ቁጥር ከተሳቀበት፣ የሰራው በሌላ ስም ሪፖርት ከተደረገ፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የታዘዘውን ብቻ ሰርቶ ሰዓቱ ሲደርስ ቦርሳውን ያነሳል፣ ያኔ "አመለካከቱ ችግር አለበት" ይባላል።

ስለዚህ እኔ ይሄን አባባል ለራስ ቢጠቀሙበት ነው የምመርጠው። ስራው ለምን ዘገየ ሲባል ሰበብ ከመደርደር በፊት "እውነት ፈልጌዋለሁ ወይ?" ብሎ ራስን መጠየቅ ጥሩ ነው። አለቃ የሆነ ሰው ግን ለሰራተኛው ከመተረቱ በፊት መሳሪያው አለው ወይ፣ ስልጣኑ አለው ወይ፣ ባለፈው ሲለፋ ማን አመሰገነው የሚለውን ያጣራ።