የድሮ የብረት እሽቅድምድም ብስክሌቶች፦ የጣሊያን፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጃፓን ፍሬሞች

አሉሚኒየምና ካርቦን ገበያውን ከመውረሳቸው በፊት የእሽቅድምድም ብስክሌት ፍሬም የሚሠራው ከቀጫጭን የአረብ ብረት ቱቦዎች ነበር። ቱቦዎቹ ጌጠኛ እጅጌ በሚመስሉ መጋጠሚያዎች ውስጥ ይገቡና በቀለጠ ናስ ወይም በብር ቅይጥ ይያያዛሉ። የእነዚህ ፍሬሞች ወዳጆች የጣሊያኑን ንቁ፣ የፈረንሳዩን ለስላሳ፣ የእንግሊዙን ጨዋ ማለት ይወዳሉ። አባባሉ ያምራል፤ ብረቱ ግን አይመሰክርለትም። አረብ ብረት ማንጋኒዝም ቢቀየጥበት ክሮሚየም፣ ግትርነቱ ያው ነው ማለት ይቻላል። ቅይጡ የሚጨምረው ጥንካሬን ነው፤ ብረቱ ሲጠነክር የቱቦውን ግድግዳ ማሳሳት ይቻላል፣ ፍሬሙም ይቀላል። ጋላቢው የሚሰማው ልዩነት የሚመነጨው ከቱቦው ስፋት፣ ከግድግዳው ውፍረትና ከፍሬሙ ቅርጽ እንጂ ከተሠራበት አገር አይደለም።

ቱቦዎቹም ራሳቸው ድንበር አያውቁም ነበር። የበርሚንግሃሙ ቱቦ ሠሪ ሬይኖልድስ ጫፍና ጫፉ ወፍራም፣ መሐሉ ስስ ለሆነ ቱቦ የባለቤትነት መብት ያገኘው በ1897 ነው (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1935 ያወጣው «531» የተባለ የማንጋኒዝና የሞሊብዲነም ቅይጥ ለአሥርተ ዓመታት ነገሠ። ፈረንሳያዊው ፔጆ እንኳ ፒኤክስ-10 የተባለውን ስመ ጥር ብስክሌቱን የሠራው በዚሁ በእንግሊዝ ቱቦ ነበር። የሚላኑ ኮሎምበስ በበኩሉ የግድግዳው ውፍረት ጫፉ ላይ 0.9፣ መሐሉ ላይ 0.6 ሚሊ ሜትር የሆነውን «ኤስኤል» የተባለ ቱቦ ለመላው ዓለም ሠሪዎች ይሸጥ ነበር።

ፍሬም ላይ የተጻፈ ስምም ሁልጊዜ አይታመንም። ቤልጅየማዊው ኤዲ መርክስ በ1972 ሜክሲኮ ከተማ ውስጥ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ሲጋልብ፣ ብስክሌቱ ላይ የሚነበበው ዊንዘር የሚል ስም ነበር፤ የሠራው ግን ጣሊያናዊው ኤርኔስቶ ኮልናጎ ነው። ክብደቱ ስድስት ኪሎ አይሞላም ነበር።

አገሮቹ በእርግጥ የሚለያዩት ብዙ ሰው በማያየው ቦታ፣ የፔዳሉ ዘንግና ኩሽኔታው በሚቀመጡበት ቀዳዳ ውስጥ በተቀረጸው የብሎን ጥርስ ላይ ነው። የጣሊያኑ 36 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ በኢንች 24 ጥርስ ያለው፣ ሜትርንና ኢንችን ያጋባ መለኪያ ነው። የፈረንሳዩ 35 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በሁለቱም አገሮች የግራውም የቀኙም ወገን በተለመደው አቅጣጫ ይጠብቃል። በዚህ ምክንያት በሰንሰለቱ በኩል ያለው በጉዞ ብዛት ይላላል። እንግሊዞች ግን የሰንሰለቱን ወገን ጥርስ ወደ ግራ አዙረው ችግሩን ፈቱት፤ ከሁሉም ብልህ መፍትሔ የምለው ይህን ነው። ፈረንሳዮች ኮርቻው የሚተከልበትን ቱቦ ስፋት ሳይቀር ለብቻቸው ለክተዋል፤ ሌላው ዓለም 28.6 ሚሊ ሜትር ሲል እነሱ 28 አሉ። ዛሬ የድሮ የፈረንሳይ ፍሬም የሚያድስ ሰው የሚለፋው መለዋወጫ ፍለጋ ነው። ፍሬሙ ግን ልፋቱ ይገባዋል፤ በተለይ እንደ ሬኔ ኤርስና አሌክስ ሳንዤ ያሉ ሠሪዎች መብራቱን፣ የጭቃ መከላከያውንና የዕቃ መጫኛውን ከፍሬሙ ጋር እንደ አንድ አካል አድርገው ለረጅም ጉዞ የሠሯቸው ብስክሌቶች እጅግ የታሰበባቸው ናቸው።

በመጋጠሚያ ጌጥ የለንደኑን ሄቺንስ የሚስተካከል የለም፤ ብረቱ እንደ ሐረግ ተጠምዝዞ ቱቦው ላይ ይወጣል።

ጃፓን ዘግይታ መጥታ ከሌሎች ተማረች፤ አብዛኞቹ ሠሪዎቿም የእንግሊዙን ጥርስ መረጡ። ታንጌና ኢሺዋታ ቱቦ ሲያቀርቡ፣ ከጠመንጃ ሥራ የተነሣው ሚያታ ደግሞ የራሱን ቱቦ ይስብ ነበር። በ1948 የተጀመረው ኬይሪን የተባለው የውርርድ ውድድር ፍሬሙ ከአረብ ብረት እንዲሆንና በጥብቅ መለኪያ ተፈትሾ እንዲጸድቅ ስለሚያዝ፣ የፍሬም ሠሪዎቹን እጅ ስሏል። በሰማንያዎቹ ከጃፓን የወጡ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ፍሬሞች በብየዳ ጥራት ከብዙ ውድ የጣሊያን ፍሬሞች አያንሱም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ይበልጣሉ። ስማቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ብቻ ዛሬም በርካሽ ይሸጣሉ።

ቀለሙ ተልጦ ጽሑፉ የጠፋ ፍሬም ላጋጠመው ሰው ኮርቻው የተተከለበት ዘንግ ብዙ ይነግረዋል። ስፋቱ 27.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዘንጉ የገባበት ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ስስና ምርጥ ነው። ከ26 በታች ከሆነ ግድግዳው ወፍራም፣ ብረቱም ተራ ሊሆን ይችላል። 26.4 ቢሆን ግን የፈረንሳይ ቱቦ ሊሆን ስለሚችል፣ ተራ ነው ብሎ ከመተው በፊት የቱቦውን የውጭ ስፋት መለካት ያስፈልጋል።